ከውጭ የተቆለፈ በር

እማማ «ሱቄ» የሚሏት ክፍል ሱቅ ተብላ ለመጠራት ትንሽ ድፍረት ያስፈልጋታል። ከግቢው መግቢያ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት፤ ክርና መርፌ፣ አዝራር፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ደብተር ይሸጥባታል። ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከመጣ አንዱ ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ደግሞም የእማማ ዋና ሥራ ሽያጩ አይደለም። ዋናው ሥራቸው፣ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ የግቢውን ተከራዮች መጠበቅ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፣ ከእሳቸው ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ተከራዩም ይህን ስለሚያውቅ አደራውን ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል።

ከአደራዎቻቸው ሁሉ እጅግ የሚኮሩባት የዳቦ ጋጋሪው የቤት ቁልፍ ናት። ጋጋሪው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሁለት ልጆቹን ብቻውን ነው የሚያሳድገው። ትልቋን ግቢው ሚጡ ይላታል፤ ትምህርት ጀምራ የነበረች ልጅ ናት። ትንሹ ማሙሽ አፉን ከፈታ ብዙም አልቆየም። አባትየው ገና ሳይነጋ ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄድ ልጆቹን እንደተኙ በሩን ከውጭ ይቆልፍባቸውና ቁልፉን በእማማ መስኮት ያቀብላል። ከሰዓት በኋላ እስኪመለስ ድረስ ቁልፉ በእማማ የሽርጥ ኪስ ውስጥ ይውላል። ቀን ላይ አንዴ ከፍተው ያዩአቸዋል፤ ትንሽ አጫውተው መልሰው ይቆልፋሉ። ለሰውም «እንደነሱ ያለ የታነጸ ልጅ አላየሁም፤ መኖራቸው እንኳ አይሰማም» እያሉ ያወራሉ።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ የሌላውን ጫማ በእጇ አንጠልጥላ፣ እያነከሰች ወደ ሱቁ መጣች። ማሰሪያው መንገድ ላይ ተበጥሶባት ኖሯል። መርፌና ክር ስትጠይቅ እማማ ጫማውን ተቀብለው ገለባብጠው አዩትና የዛሬ ዘመን ጫማ በምራቅ የተጣበቀ መሆኑን፣ የዛሬ ዘመን ልጅም ለመልክ እንጂ ለእግሩ እንደማያስብ ነገሯት። ከዚያ መርፌውን መሸጡን ትተው በርጩማ አቀረቡላትና ራሳቸው ይሰፉላት ጀመር። የእማማ ደግነት እንዲህ ነው፤ ቁጣው ይቀድማል።

እየሰፉ ብዙ ጠየቋት። ወላጆቿ ደኅና መሆናቸውን፣ አግብታ እንደሆነ፣ ካላገባች ደግሞ ምን እየጠበቀች እንደሆነ። ወጣቷ ሳትሰለች ሁሉንም እየሳቀች መለሰች። ሥራዋን ሲጠይቋትም አልሸሸገችም።

«የምሠራው ሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ነው፣ እማማ። እዚሁ ግቢ ነበር የምመጣው። የጋጋሪውን ልጆች ላያቸው ፈልጌ።»

የእማማ እጅ ቀጥ አለ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጅ ወሳጆቹ ናችኋ» አሉ። «ጫማሽን እጨርስልሻለሁ፤ የጀመርኩትን ጥዬ አላውቅም። ከዚያ ግን በመጣሽበት እግርሽ ትመለሻለሽ።»

ወጣቷ አልተቆጣችም። ይህን ስም ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። «ልጆቹን ልወስድ አልመጣሁም» አለች።

«ታዲያ ማን ላከሽ? ማን ነው ያሳበቀብን?»

«እሱን አልነግርዎትም። ለልጅ አስቦ የነገረንን ሰው ስም ለማንም አንሰጥም።»

«እንግዲያውስ እኔ ልንገርሽ» አሉ እማማ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። የጋጋሪውን ምግባር ይዘረዝሩላት ጀመር። መጠጥ አይቀምስም። የልጆቹን ልብስ በገዛ እጁ ያጥባል። የልጅቱን ጠጉር እሱ ነው የሚሠራላት፤ መስመሩ እንደ ሰካራም መንገድ ይጣመማል እንጂ ሳያበጥርላት ውሎ አያውቅም። እጁን ያነሳባቸው ቀን የለም። ታዲያ ቢሮ ከዚህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

«አምናለሁ» አለች ወጣቷ። «እኛ ክፉ አባት ዘንድ ብቻ የምንሄድ ይመስልዎታል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሄደው የደከመው ዘንድ ነው። እሱ በሌለበት ከልጆቹ ጋር ማን ይውላል?»

«በሩ ተቆልፎ ነው የሚውለው። መንገዱን አላየሽውም? መኪናው እንደ አውሬ ነው የሚበረው። የማይታወቅ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ክፉ ነገር እንዳይገባባቸው ነው የሚቆለፈው።»

«ክፉው ነገር ከውስጥ ቢነሳስ፣ እማማ? በምን ይወጣሉ?»

«ቁልፉ እኔ ኪስ አለልሽ።»

«እርስዎ ገበያ ሲሄዱስ?»

«ይዤው ነዋ የምሄደው። አደራ አይደል እንዴ? ጥዬው የምሄድ መሰለሽ?»

እማማ ይህን ሲሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር። ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ጆሯቸው ሲገባ ግን ደስ አላላቸውም። እሳቸው ከገበያ ተሰልፈው፣ ቁልፉ በኪሳቸው፣ ልጆቹ በክፍላቸው። ነገሩን እንዲህ አድርገው አስበውት አያውቁም ነበር። ሰው ባለማወቅ ከሚሠራው ስህተት ይልቅ በታማኝነት የሚሠራው ስህተት ለመታየት ያስቸግራል፤ እማማም ሽንፈቱን ገና ስላልተቀበሉ ሌላ መከላከያ ፈለጉ።

«የሆነ ነገር ቢሆኑ ይጮኻሉ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሰማለሁ።»

«ጮኸው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ። ነገርኩሽ እኮ፣ የታነጹ ናቸው። ትንሹ እንኳ ትንፍሽ አይልም።»

 ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ የዚያን የሚያህል ልጅ ቀኑን ሙሉ ድምፁ ካልተሰማ እኔ ነገሩ ያስፈራኛል» አለች።

እማማ ጫማውን እግሯ ሥር አስቀመጡላትና ብድግ አሉ። ይህችን አንደበተ ርቱዕ ልጅ አፏን የሚያስይዛት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓይኗ አይታ እንድታፍር ማድረግ። «ተነሽ፣ ነይ ላሳይሽ» ብለው ቀደሙ።

በሩ ሲከፈት ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነበር፤ መጋረጃው እንደ ተዘጋ ነው። ሚጡ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ማሙሽን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። ፔርሙሱ ተገልብጦ ሻዩ መሬቱን አርሶታል። የልጁ ክንድ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ የልጅቱ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ነበር። የልጅቱ እጅ ግን ክንዱ ላይ አልነበረም። የወንድሟን አፍ ግጥም አድርጋ ይዛለች።

«ምንም አልሆነም» አለች ሚጡ እማማን ስታይ። «ሻይ ልጠጣ ብሎ ነው። ግን አላለቀሰም፤ ድምፁ አልተሰማም።»

እማማ ልጆቹ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ትንሿን እጅ ቀስ ብለው ከልጁ አፍ ላይ አነሷት። ያን ጊዜ ታፍኖ የቆየው ልቅሶ ወጣ። 

ወጣቷ ጨርቁ ከቆዳው ጋር አለመጣበቁን አይታ ሸሚዙን ፈታችለትና ልጁን አቅፋ ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠች፤ ክንዱን ከሚወርደው ውኃ ሥር ያዘችለት። እማማ ከሱቃቸው የጥርስ ሳሙና ይዘው እየተጣደፉ መጡ፤ እሳቸው የሚያውቁት የቃጠሎ መድኃኒት እሱ ነው። ወጣቷ እጃቸውን በርጋታ ያዝ አደረገች። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ብቻ እንደሚበቃ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅባት ቁስሉን እንደሚያባብሰው፣ ውኃው ረዘም ላለ ጊዜ ሲወርድበት ሕመሙ እንደሚቀንስለት ነገረቻቸው። እማማ ሳሙናውን ሽርጣቸው ውስጥ ደበቁት። በሌላ ቀን ቢሆን ይከራከሩ ነበር።

«ለምን አልጠራሽኝም?» አሏት ሚጡን። «ግድግዳውን ብትደበድቢው እኮ እሰማሽ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

«አባዬ ነው ያለኝ» አለች ልጅቷ። «ድምፃችን ከተሰማ ብቻችንን መሆናችን ይታወቅና ቢሮ መጥቶ ይወስደናል ብሏል። ማሙሽን ለአንዱ ሰው፣ እኔን ለሌላ ሰው ይሰጡናል ብሏል።» ከዚያ ወንድሟን ያቀፈችውን እንግዳ ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እማማ፣ እሷ ማናት?»

 እማማ እንግዳ ናት ብለው ሊያልፉ ፈልገው ነበር፤ ወጣቷ ግን ቀደመቻቸው። እስከ ልጅቷ ቁመት ዝቅ ብላ ተንበረከከችና ዓይን ዓይኗን እያየች ተናገረች።

«የዚያ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ።»

ሚጡ የወንድሟን እግር ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ማሙሽን ልትወስጂው ነው?»

«አዎ፣ ወደ ጤና ጣቢያ። አንቺም አብረሽን ትሄጃለሽ፤ አንለያያችሁም። አባትሽም እዚያው ይመጣል። ክንዱን በውኃ በራሰ ጨርቅ የጠቀለልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። ግን ይህን ሁሉ ብቻሽን መቻል አልነበረብሽም። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። ይህን ስትሰማ ግን ፊቷን እማማ ሽርጥ ውስጥ ደብቃ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማማም አብረው አለቀሱ፤ ማን እንዳያቸው አልተጨነቁም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስሉ ጥልቅ አለመሆኑ ተነገራቸው፤ ክንዱም በንጹሕ ፋሻ ተጠቀለለ። ወዲያው መልእክት የደረሰው ጋጋሪ እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደለበሰ እየሮጠ ገባ። ልጁን ዳሰሰው፣ ልጅቷን ሳማት። ቀና ሲል ወጣቷን አየና ማንነቷን ሳትነግረው አወቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ተቀመጠ።

«አትውሰዱብኝ፣ እህቴ» አለ። «እናታቸውን ቀብሬያለሁ። እነሱን ከወሰዳችሁብኝ እኔ ሰው አይደለሁም።»

በዚህ ጊዜ የእማማ ልብ ሁለት ሆነ። ምላሳቸው ላይ አንድ ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር፦ «ልጆቹ ከእኔ ጋር ነበሩ፣ እኔ ነኝ የተዘናጋሁት» ሊሉ። የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ ቃላቸውን ማን ይጥለዋል? ሠራተኛዋም በዓይኗ ብታይ እንኳ እሳቸውን ውሸታም ለማለት አፏ አይታዘዝላትም። ይህን ቢሉ አባትየው ለዛሬ ይተርፋል፤ በሩ ግን ነገ ጠዋት ይቆለፋል። ዓይናቸው ወደ ሚጡ ሄደ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ የትልልቆቹን ንግግር ታዳምጣለች። ይኼኔ ቆረጡ።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር» አሉ። «በየቀኑ እኔ ዘንድ ነው። ልጆቹ ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ገበያ ስሄድም ይዤው እሄዳለሁ። ሚጡም ወንድሟን ልትጠብቅ ብላ ትምህርቷን ትታለች። እሱም እኔም ያደረግነው ስለምንወዳቸው ነው፤ ለእነሱ የሚበጃቸው መስሎን ነው። ተሳስተናል። አሁን እንግዲህ ምን እንደምታደርጊ ንገሪን።»

ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። ወጣቷ አጠገቡ ተቀመጠችና በዝርዝር ነገረችው። ልጅን ከቤቱ ማውጣት የቢሮው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ መሆኑን፤ እሱም ሌላ መንገድ ሁሉ ሲጠፋ፣ ልጁ እቤቱ ቢቆይ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሲሆን፣ በዳኛ ፊት ታይቶ እንጂ በአንድ ሠራተኛ ፈቃድ ብቻ እንደማይደረግ፤ ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ ዘመድ እንደሚፈለግ፣ ወንድምና እህትንም ላለመለያየት የሚቻለው ሁሉ እንደሚደረግ። ልጅ የሚደበድብ፣ የሚያስርብ፣ ክብሩን የሚደፍር ሰው ሲገኝ ቢሮው አይለሳለስም፤ ፖሊስም ይጠራል። የእሱ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ረዳት ነው።

«ረዳት ለምን አልጠየቅክም?» አለችው።

«ከጠየቅኩ ልጆቼን ብቻቸውን እንደምተው ታውቁብኛላችሁ ብዬ» አለ። «ከዚያ ፍርሃት የተነሳ ዝም እንዲሉ አስተማርኳቸው። ዝም ማለታቸው ሊገድላቸው እንደሚችል አልመጣልኝም።»

ክፉ ሰው ልጅን ሲጎዳ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፤ ይወቅሰዋልም። የሚወድ ሰው ሲሳሳት ግን ከንፈር ይመጠጥለታል እንጂ የሚነግረው የለም። ልጅ ደግሞ በጥላቻ ይሁን በፍቅር የተቆለፈበት በር አንድ ነው፤ እሳቱም ሆነ የፈላው ውኃ የቆላፊውን ሐሳብ ጠይቆ አይመለስም። ስለዚህ ነው ከቤተሰቡ ውጭ ሆኖ የሚያይ፣ ለመውቀስ ሳይሆን ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው።

እዚያው ኮሪደር ላይ ምክር ተያዘ። ለማሙሽ በሰፈሩ የሕፃናት ማቆያ ቦታ ሊፈለግለት፣ ሚጡም ወደ ትምህርቷ ልትመለስ፣ ወጣቷ ደግሞ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ስለ ሰዓቱ ልታነጋግረው ተስማሙ። ሰዓቱ እስኪስተካከል ድረስ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ማን ይይዛል የሚለው ቀረ።

«ማን ይይዛል ትላላችሁ እንዴ?» አሉ እማማ። «እንደተኙ ተሸክሞ እኔ አልጋ ላይ ያስተኛቸዋል፣ አለቀ።»

«ደስ ይለኛል» አለች ወጣቷ። «ግን አስቀድሜ ቤትዎን ማየት አለብኝ። ምድጃው የት ነው፣ ስለታም ነገር የት ይቀመጣል፣ እርስዎ ሲያምዎትስ ማን ይተካዎታል።»

«እኔን? በዚህ ዕድሜዬ እኔን ልትፈትኚኝ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። ስለማላምንዎት አይደለም፤ ልጆች ስለሆኑ ነው።»

እማማ ጥቂት አኩርፈው ቆዩ። ከዚያ ቤታቸው ዛሬ ስላልተጠረገ ፈተናው ለነገ እንዲሆንላቸው ጠየቁ፤ ጋጋሪው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ማቆያው ሞልቷል ተብሎ ማሙሽ ተራ ጠበቀ። የዳቦ ቤቱ ባለቤትም መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር፤ ወጣቷ እየተመላለሰች ስታሰለቸው ጋጋሪውን ከሌሊቱ ቡድን ወደ ቀኑ አዛወረው። ሚጡ በትምህርት ወደ ኋላ ቀርታ ስለነበር እያለቀሰች የመጣችባቸው ቀኖች ነበሩ። ወጣቷ ግን መጎብኘቷን አላቋረጠችም። በመጣች ቁጥር ልጅቷን ለብቻዋ ትይዛትና ትጨዋወታለች፤ የሚያስፈራት ነገር ሲኖር ለማን እንደምትናገር፣ የሚያሳምም ምስጢር ደግሞ ትልቅ ሰው ቢለምናት እንኳ መያዝ እንደሌለባት ታስተምራታለች። ጋጋሪውንም ብቻውን ማልቀሱ እንዲቀርለት ብቻቸውን ልጅ ከሚያሳድጉ ሌሎች ወላጆች ጋር አገናኘችው። ፔርሙሱም ከፍ ወዳለ መደርደሪያ ወጣ። እማማ ራሳቸው ናቸው ያወጡት።

ከግቢው ተከራዮች አንዱ የሆነው ልብስ ሰፊ ወጣቷ ስትመላለስ አይቶ አንድ ቀን ከሱቁ በር ላይ ቆመና ያቺ ልጅ ወሳጅ ዛሬም መጣች ወይ ብሎ ጠየቀ። እማማ የያዙትን ሳሙና አስቀምጠው በሰፊው መለሱለት።

«ምን ወሰደች? እስቲ ቁጠርልኝ። ሚጡን ከጓዳ አውጥታ ወደ ትምህርት ክፍሏ ወሰደች። አባቷን ከፍርሃቱ አወጣች። ከእኔ ደግሞ ትምክህቴን ወሰደች፤ እሱን ደኅና አደረገች። እኔ ግቢውን እጠብቃለሁ እያልኩ በር ነበር የምጠብቀው። እሷ ልጆቹን ጠበቀች። አንተም ልጆች አሉህ፤ ሲከብድህ ሂድና አነጋግራት፤ አትበላህም።»

ልብስ ሰፊው ነገር ማብዛቱን ትቶ ክሩን ገዝቶ ሄደ። በኋላ ሲሰማ፣ በሌላ ቀን ቀስ ብሎ የቢሮውን መንገድ ጠይቋቸዋል።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ወትሮዋ አልዘለለችም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሱቁ ውስጥ ቆመች። እማማ ደንበኛ ነበራቸው፤ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ከአጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ደወል ሲደወል ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትፈራ፣ ጀርባዋንም ወንበር ማስደገፍ እንደማትችል ነገረቻቸው።

«ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች» አለች። «እኔ ግን ነገርኩዎት። አጠፋሁ?»

እማማ ድሮ ቢሆን ኖሮ የሰው ቤት ጉዳይ የሰው ነው ብለው ዳቦ ያስይዟት ነበር። አሁን ግን ልጅቷን ጉንጯን ይዘው ሳሟት። «አላጠፋሽም» አሏት። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ የሱቁን መስኮት ዘጉ፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያቸውን ትተው እጇን ይዘው ወደ ቢሮው መንገድ ጀመሩ።

ጥቂት እንደሄዱ ሚጡ ቀና ብላ አየቻቸው። «እማማ፣ ጓደኛዬን ይወስዷት ይሆን?»

እማማ ለማጽናናት ብለው ሊዋሹ አልፈለጉም።

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ምን ሆነሽ ነው ብለው ይጠይቋታል። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅ ይሆናል።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ እርምጃዋን አፈጠነች። እማማም ጉልበታቸው የፈቀደውን ያህል ተከተሏት።